ሎሚ፣ አቼቶ፣ ሶዳ፣ አመድ፣ እንዶድ፦ የጎጃም መታጠቢያ ቤት በየትኛው ይጸዳል?

ጎጃም ውስጥ መታጠቢያ ቤቱን በቤት ውስጥ ማጽጃ ለማጽዳት ለሚፈልግ ሰው ዕቃው ሞልቷል። ሎሚው ከዘጌ ይመጣል፤ አመድ ከምድጃ አይጠፋም፤ እንዶድ አጥር ላይ ይንጠለጠላል፤ አቼቶና ሶዳ፣ ማለትም ቤኪንግ ሶዳ፣ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ሱፐርማርኬት ይገኛሉ። የሚያስቸግረው የትኛው ለየትኛው እድፍ እንደሚሆን መለየቱ ነው። ብዙ ሰው ያለውን ሁሉ አንድ ባልዲ ውስጥ ደባልቆ አረፋው ሲገነፍል የሠራ ይመስለዋል፤ ሴራሚኩ ግን እንደነበረ ይቀራል። ስለዚህ እዚህ እያንዳንዱን ለየብቻው እንመዝነዋለን፦ ምን ያነሳል፣ ምን ያበላሻል፣ ስንት ይበቃል።

ከሁሉ በፊት እድፉን መለየት ይገባል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሁለት ዋና የእድፍ ዓይነቶች አሉ። አንደኛው ውሃ ሲደርቅ የሚተወው ነጭ ቅርፊት፣ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ላይ ቢጫ ሆኖ የሚጠጥረው የሽንት ድንጋይና ዝገት ነው። ይህን የሚያሟሟው ኮምጣጣ ነገር ነው፤ አቼቶ ወይም ሎሚ። ሁለተኛው የሰውነት ቅባት፣ የእጅ ምልክት፣ ከእግር የሚራገፍ ጭቃና አተላ ነው። ይህን የሚያነሳው የኮምጣጣው ተቃራኒ ነው፤ ሶዳ፣ የአመድ ውሃ፣ ሳሙና። እንዶድ ከሁለቱም ወገን ሳይሆን በአረፋው ብቻ ቅባት ያላቅቃል።

ሁለቱን ወገኖች አንድ ላይ ማድረግ ሁለቱንም ማባከን ነው። 5 በመቶ የሆነ 100 ሚሊ ሊትር አቼቶ በ7 ግራም ሶዳ፣ ማለትም በአንድ የተከመረ የሻይ ማንኪያ፣ ሙሉ በሙሉ ይከሽፋል። አረፋው አየር ሆኖ ይበንናል፤ የሚቀረው ትንሽ ጨው ያለበት ውሃ ነው። አረፋው ልል የሆነ ቆሻሻ ትንሽ ሊነቀንቅ ይችል ይሆናል፤ የደረቀ ቅርፊት ግን አይነካም። በስልክ የሚዘዋወሩት አብዛኞቹ አሠራሮች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ካስፈለጉ አንዱን ተጠቅሞ፣ በውሃ አለቅልቆ፣ ከዚያ ሌላውን ማስከተል ነው።

አቼቶ

ከሱቅ ስትገዙ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። ለጽዳት 5 በመቶ የሚለው ጥሩ ነው፤ 4 በመቶም ይሠራል፣ ግን ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ቁጥር ያልተጻፈበት ከሆነ መፈተኛው ቀላል ነው፦ የእንቁላል ቅርፊት ስባሪ በሲኒ አቼቶ ውስጥ ጣሉ። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ቅርፊቱ በጥቃቅን የአየር ኳሶች ከተሸፈነ አቼቶው ደህና ነው፤ ዝም ካለ ውሃ በዝቶበታል። ነጩን ምረጡ፤ ቡናማው መጋጠሚያ ላይ ቀለም ሊተው ይችላል።

ሳምንታዊ ጽዳት ላይ አንድ እጅ አቼቶ በአንድ እጅ ውሃ በቂ ነው። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ቀላቅላችሁ ክዳኑን በጋለ መርፌ አራት አምስት ቦታ ብትበሱት መርጫ ይሆናችኋል። ቅርፊቱ ወፍራም ከሆነ ግን ውሃ አትጨምሩ። ዋናው ነገር ጊዜ ነው፤ አቼቶ ረጭቶ ወዲያው መፈተግ ጉልበት መጨረስ ነው። ቧንቧው ሥር ለተጋገረው ነጭ ነገር አሮጌ ጨርቅ በአቼቶ ነክራችሁ ጠምጥሙበትና ግማሽ ሰዓት ተዉት፤ ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይላቀቃል። የሻወሩ ራስ ቀዳዳው ተደፍኖ ውሃው ወደ ጎን የሚፈናጠር ከሆነ ፌስታል ውስጥ አንድ ብርጭቆ አቼቶ ጨምራችሁ ራሱ እስኪጠልቅ ድረስ ከላይ በገመድ እሰሩት። ፕላስቲክ ከሆነ እስከ አንድ ሰዓት ይቆይ። የሚያብረቀርቅ ብረት ከሆነ ከግማሽ ሰዓት አታሳልፉ፤ ሽፋኑ የተላጠ ከሆነ ውስጡ ያለው ነሐስ አረንጓዴ ያወጣል። ካነሳችሁ በኋላ ቧንቧውን ከፍታችሁ ውሃውን በደንብ ልቀቁበት፣ በደረቅ ጨርቅም አብሱት።

አሁን ትልቁ ማስጠንቀቂያ። በጎጃም ከተሞች ብዙው የመታጠቢያ ቤት ወለል ሊሾ ስሚንቶ ነው፤ በቆዩት ቤቶች ደግሞ ተራዞ አለ። አቼቶም ሎሚም ስሚንቶን ይበላል። ሊሾ ላይ ሲፈስ ጥቂት አረፋ አውጥቶ ዝም ይላል፤ ሲደርቅ ግን ቦታው ሻካራ ሆኖ ይቀራል፤ ሻካራው ደግሞ ከበፊቱ የበለጠ ጭቃ ይይዛል። በየሳምንቱ ሲደጋገም ወለሉ ይቆረቆራል። ተራዞና እብነ በረድም አብረቅራቂነታቸውን ያጣሉ። የሴራሚክ መጋጠሚያውም ስሚንቶ ስለሆነ ከአቼቶ በፊት መጋጠሚያውን በንጹህ ውሃ አርጥቡት፤ ውሃ የጠገበ ስሚንቶ አቼቶውን ወደ ውስጥ አይስብም። ከ20 ደቂቃ በላይም አታቆዩት።

የኮመጠጠ ጠላ ለዚህ ሥራ ይሆናል ወይ የሚል አለ። ጠላ ሲሆመጥጥ የሚገኘው ኮምጣጤ ከጠላው ጥንካሬ ሊበልጥ አይችልም፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ያንሳል። የጌሾና የአሻሮ ቀለሙ ነጭ ሴራሚክ ላይ ይቀራል፣ ቅሪቱም ዝንብ ይጠራል። አልመክረውም።

ሎሚ

የሎሚ ጭማቂ ከ5 እስከ 7 በመቶ ሲትሪክ አሲድ አለው፤ ስለዚህ በጉልበት ከአቼቶ አያንስም። ዝገት ላይ እንዲያውም ይበልጣል፤ ሲትሪክ አሲድ ብረቱን ይዞ ስለሚያሟሟው። ከቧንቧ መሣሪያ ሥር ወይም ከምላጭ ማስቀመጫ ለሚቀረው የዝገት ምልክት ጨው ነስንሳችሁ የሎሚ ጭማቂ እስኪርስ ጠብ አድርጉበት፤ አንድ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ በሎሚው ልጣጭ እሹት። ጨው መፈተጊያ ነው፤ የሚያሟሟው ሎሚው ነው።

ሆኖም ጭማቂ ጨምቆ ሽንት ቤት ማጠብ ብክነት ነው። ትንሿ የአገር ሎሚ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ብቻ ነው የምትሰጠው፤ አንድ መቀመጫ ለመዘፍዘፍ ደርዘን ያህል ሊያስፈልግ ነው። የምመክረው ከተጨመቀ በኋላ የሚጣለውን ግማሽ ልጣጭ መጠቀም ነው። ለሰላጣ ወይም ለሥጋ የተጨመቀውን ልጣጭ ጨው አስነክቶ ቧንቧና ማስታጠቢያውን ማሸት ለሳምንት ጽዳት ይበቃል። ጭማቂ ከተጠቀማችሁ በጨርቅ አጥልሉት፤ ጭራሮውና ፍሬው መጋጠሚያ ውስጥ ከቀረ ሻጋታ ያበቅላል። ባሕር ዳር ሙቀት ውስጥ የተጨመቀ ሎሚ ውጭ ካደረ ይበላሻል፤ ለዕለቱ ብቻ ጨምቁ።

የሎሚ ልጣጭ በአቼቶ ዘፍዝፎ ሁለት ሳምንት ማቆየት የተለመደ ሆኗል። ሽታው ደስ ይላል፣ ከልጣጩ የሚወጣው ዘይትም የተለጠፈ ማስታወቂያ ሙጫ ያላቅቃል። የማሟሟት ኃይሉ ግን ያው የአቼቶው ነው፤ ሽታ ካላስፈለጋችሁ ሁለት ሳምንት መጠበቅ አያስፈልግም።

ሶዳ

ብዙ ሰው ሶዳ አይሠራም የሚለው የገዛው ሶዳ ስላልሆነ ነው። ሱቅ ሄዳችሁ ስትጠይቁ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ ቤኪንግ ፓውደር ነው። እሱ ውስጥ ሶዳው ከደረቅ አሲድና ከስታርች ጋር ተቀላቅሏል፤ ውሃ ሲነካው በራሱ ይከሽፋል፣ ስታርቹም ሴራሚክ ላይ ሊጥ ይሆናል። ለይቶ ማወቂያው ይህ ነው፦ ትንሽ ዱቄት በሙቅ ውሃ ውስጥ ጨምሩ። በውሃ ብቻ ከገነፈለ ፓውደር ነው። ሶዳ በሙቅ ውሃ ብዙም አይገነፍልም፤ አቼቶ ሲነካው ነው የሚፈላው።

ንጹህ ሶዳ ለስላሳ መፈተጊያ ነው፤ ሴራሚክ አይቧጭርም፣ ስሚንቶም አይበላም። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሶዳ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ለውሱት፤ በጣት ሲነሳ የማይንጠባጠብ ይሁን። በእርጥብ ስፖንጅ እየነኩ ማስታጠቢያውንና የሻወሩን ግድግዳ ማሸት ነው። የሚያስከትለው ችግር አንድ ብቻ ነው፤ በደንብ ካልታጠበ ሲደርቅ ነጭ ዱቄት ይተዋል። ይህን ነጭ ከውሃው ቅርፊት ጋር አታምታቱት፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠፋል።

ቅባቱ ለከበደ ቤት ሶዳውን ማጠንከር ይቻላል። 100 ግራም ሶዳ በደረቅ የብረት ምጣድ ላይ በስሱ አሰራጭታችሁ መካከለኛ እሳት ላይ እያማሰላችሁ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት አቆዩት። ዱቄቱ መጀመሪያ እንደ መፍላት ይላል፣ በኋላ ረጋ ብሎ ይቆማል። አየርና እንፋሎት ስለሚወጣ ወደ 63 ግራም ገደማ ይወርዳል፤ ሚዛን ካላችሁ መጨረሱን በዚህ ታውቃላችሁ። የሚገኘው ማጠቢያ ሶዳ ከመጀመሪያው በእጅጉ ይጠነክራል፦ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ የሳሙና ዝቃጭና ቅባት ያነሳል። ጓንት ግድ ነው፣ ዓይን ውስጥ እንዳይገባም ተጠንቀቁ። የአሉሚኒየም ዕቃ አያስጠጉትም፤ ያጠቁረዋል።

አመድ

እነዚህ ሁሉ ተገምግመው ገንዘብ ሳያስወጣ ብዙ የሚሠራው አመድ ነው። በየገበያው የሚሸጠው ማጠቢያ ዱቄት ከመምጣቱ በፊት ድስትና ሰታቴ የሚፈተገው በእሱ ነበር። የሚሠራበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ የእንጨት አመድ ውስጥ በውሃ የሚሟሟ ፖታሲየም ካርቦኔት አለ፣ እሱ ቅባቱን ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል፤ የማይሟሟው ክፍል ደግሞ መፈተጊያ ይሆናል።

አመዱ ከንጹህ እንጨት ይሁን፤ የባሕር ዛፍ፣ የግራር፣ ወይም በአዊ አካባቢ ከሰል የሚከሰልበት ዲከረንስ። ፕላስቲክ፣ ቀለም የተቀባ እንጨት ወይም ቆሻሻ የተቃጠለበት አመድ አይሆንም። ሁለት ሦስት ቀን ያድር፤ ውስጡ የተደበቀ ፍም ፕላስቲክ ባልዲ ያቀልጣል። ከዚያ በወንፊት ንፉት። ያልተነፋ አመድ ውስጥ አሸዋና የከሰል ስባሪ ስለሚገኝ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክና ቧንቧ ይቧጭራል። ከተነፋ በኋላም መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ላይ ሞክሩት።

ሊሾ ወለል ላይ አመድን የሚያህል የለም። ወለሉን አርጥባችሁ የተነፋ አመድ ነስንሱ፣ አምስት ደቂቃ ይቆይ፣ በጠንካራ ብሩሽ ፈትጉት፣ አጥባችሁ ውሃውን በመጥረጊያ ግፉት። ስሚንቶን አይበላም፤ ይልቁንም ለዓመታት የተጋገረ የእግር ቅባት ያነሳል። የመራዊና የእንጅባራው ቀይ አፈር ላይ ግን ተአምር አትጠብቁ። ቀዩ ቀለም ያለቀለት የብረት ዝገት ስለሆነ አመድም ሶዳም አያነጣውም፤ ጭቃው ሳይደርቅ በብዙ ውሃና በብሩሽ መታጠብ አለበት። የቢቸናና የደጀን መረሬ ጥቁር አፈር በተቃራኒው ደርቆ ሲሰነጣጠቅ መጀመሪያ በደረቁ መጥረግ ይሻላል፤ ውሃ ከነካው ይጣበቃል።

ግድግዳ ለማጠብ የአመድ ውሃ ይሻላል። አንድ እጅ የተነፋ አመድ በሁለት እጅ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ባልዲ በጥብጣችሁ አሳድሩት። ጠዋት ላይ ከላይ የጠለለውን ብቻ ቀድታችሁ በጨርቅ አሳልፉት። ጣት ላይ የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ጠንካራ ነው፤ ቆዳችሁን መብላት ጀምሯልና ወዲያው ታጠቡት፣ ጓንትም አድርጉ። እኩል ውሃ ጨምራችሁ በስፖንጅ ግድግዳውን አብሱ። ነጭ መጋጠሚያ ላይ ድፍርሱን አታፍስሱ፤ ጥቁሩ ብናኝ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ግራጫ አድርጎ ያስቀረዋል። አሉሚኒየም ሳፋና የመስኮት ፍሬም አይንካ።

የጉድጓድ ሽንት ቤት ላለው ደግሞ አመድ ከማጽጃም በላይ ነው። ከእያንዳንዱ ጥቅም በኋላ አንድ ጣሳ ደረቅ አመድ መበተን እርጥበቱን ይመጥጣል፣ ሽታውንና ዝንቡን በጉልህ ይቀንሳል። ሙሉ በሙሉ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ጉድጓዱ ውስጥ የሚነድ ጋዝ ሊኖር ስለሚችል ፍም ያለበት አመድ መጣል አደጋ ነው።

እንዶድ

እንዶድ ነጭ ሸማ ሲታጠብበት የኖረ ነው። አረፋው የሚመጣው ሳፖኒን ከሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ከሳሙና የሚለይበት አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሳሙና ካልሲየም ካለው ውሃ ጋር ሲገናኝ ግድግዳው ላይ የሚጋገረውን ግራጫ ዝቃጭ ይሠራል፣ እንዶድ ግን አይሠራም። ስለዚህ ግድግዳቸው ቶሎ ቶሎ ለሚያድፍ ቤቶች ጥሩ አማራጭ ነው።

ሳይቀላ በአረንጓዴነቱ ተለቅሞ የደረቀው ፍሬ ይሻላል። ስትወቅጡት አፍና አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍኑ፤ ብናኙ ክፉኛ ያስነጥሳል፣ ዓይንንም ያቃጥላል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ ሰዓት ዘፍዝፋችሁ በሻሽ አጥልሉት፤ ከዚያ አንዴ ስትንጡት በቂ አረፋ ይሰጣል። ማስታጠቢያ፣ ግድግዳ፣ የፕላስቲክ ባልዲና ጆግ ላይ ያምራል። ነጩን ቅርፊትና የሽንት ድንጋዩን አይነካም። ከሁለት ቀን በላይ ካቆያችሁት ይሸታል። ሌላው ጉድለቱ አረፋው ቶሎ አይለቅም፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መርዛማነቱን አቅልላችሁ አትዩት። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በፈረንጆች አቆጣጠር ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት ነገር ነው ቀንድ አውጣ ከሚያዛምተው ከብልሃርዝያ ጋር በሚደረገው ትግል እንዶድን እንዲታወቅ ያደረገው፤ በ1989ም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝተውበታል። ቀንድ አውጣውን የገደለው ውሃ ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ ባሕር ዳር ጣና ዳር የምትኖሩ ወይም ቤታችሁ ከወንዝ አጠገብ የሆነ፣ የእንዶድ እጣቢ ወደ ውሃው በሚገባ ቦይ አትልቀቁ፤ ወደ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ወይም ከውሃ ራቅ ባለ ደረቅ መሬት ላይ ይፍሰስ። ዱቄቱን ልጅ በማይደርስበት፣ ከቅመም መደርደሪያም ራቅ ባለ ቦታ አስቀምጡ።

ስለ አረቄ አንድ ቃል። የመስታወትን ጭጋግና የእጅ አሻራ በለስላሳ ጨርቅ በደንብ ያነሳል፣ መስመርም አይተውም። ጀርም ይገድላል የሚለው ግን አይይዝም፤ ለዚያ አልኮሉ 60 በመቶና ከዚያ በላይ መሆን አለበት፣ የቤት አረቄ እዚያ አይደርስም። ከሻማና ከምድጃ አርቁት።

አስቸጋሪዎቹ ሥራዎች

የሽንት ቤቱ መቀመጫ ላይ ያለው ቡናማ ቀለበት ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ነው። የማይለቀው አቼቶው ደክሞ ሳይሆን መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ስለሚያቀጥነው ነው። የውሃ መዝጊያውን ዝጉ፣ አንዴ ልቀቁት፣ የቀረውን ውሃ በብሩሽ ወደ ውስጥ ግፉት። ከዚያ ሶፍት ወይም ጨርቅ ውሃ ባልነካው አቼቶ ነክራችሁ ቀለበቱ ላይ ለጥፉ፤ ግማሽ ሊትር ይበቃል። አሳድሩት። ጠዋት ጨርቁን በጓንት አንሱና በብሩሽ ፈትጉ። የቆየ ከሆነ ሁለት ሦስት ሌሊት ይፈልጋል። የቱርክ ሽንት ቤትም እንዲሁ ነው፤ ዙሪያው ያለው ሊሾ ላይ እንዳይፈስ ብቻ አስቀድማችሁ በውሃ አርጥቡት። በብረት ሽቦ አትፈትጉ፤ የሴራሚኩ ልባስ ከተቧጨረ ቀለበቱ በሳምንቱ ይመለሳል።

የሻወር ግድግዳ ላይ የሚጋገረው የሳሙና ዝቃጭ ሁለቱንም ወገን ይፈልጋል፣ በቅደም ተከተል። መጀመሪያ ለብ ያለ አቼቶ ረጭታችሁ 15 ደቂቃ ተዉት፤ ካልሲየሙን ከቅባቱ ይለየዋል። በውሃ አለቅልቁ። ከዚያ በሶዳ ልውስ ወይም በማጠቢያ ሶዳው ውሃ እሹት፤ የተለየው ቅባት ይሄዳል። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት ሶዳው ቅርፊቱን ማለፍ አይችልም።

የፍሳሽ መውረጃው ከተደፈነ አብዛኛውን ጊዜ የደፈነው ፀጉር ነው፤ ፀጉርን ደግሞ አቼቶም ሶዳም አያሟሟውም። ጫፉ የታጠፈ ሽቦ አስገብቶ ማውጣት ወይም ከማስታጠቢያው ሥር ያለውን ሲፎን ባልዲ አስቀምጦ መፍታት ነው። በቅባት ብቻ ከቀጠነ ግማሽ ብርጭቆ ሶዳ ጨምራችሁ ሁለት ሊትር ሙቅ ውሃ አፍስሱበት። የፈላ አይሁን። ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የፒቪሲ ቱቦ ለማለስለስ እሱም ይበቃል። እጅ ለአፍታ የሚችለው ሙቀት በቂ ነው።

ሁሉ ታጥቦ ሽታው ካልሄደ፣ ማጽጃ ከመጨመር በፊት የወለሉን ቀዳዳ እዩ። ቀዳዳው ሥር ያለው የታጠፈ ቱቦ ውሃ ይዞ ነው የጉድጓዱን ሽታ የሚያግደው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ወይም ቤቱ ለሳምንታት ተዘግቶ ሲቆይ ያ ውሃ ይደርቃል፣ ሽታውም በቀጥታ ይገባል። አንድ ጆግ ውሃ ማፍሰስ ይፈታዋል። ለረጅም ጊዜ የማትኖሩ ከሆነ ከውሃው በላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርጉበት፤ ውሃው እንዳይተን ይሸፍነዋል። አሪቲ ወይም የባሕር ዛፍ ቅጠል ማፍላት ቤቱን ያውዳል፤ ከደረቀ ቱቦ የሚመጣ ሽታ ግን አያሸንፍም።

በክረምት ደጋው ላይ፣ በተለይ እንጅባራና ደብረ ማርቆስ፣ ጣሪያና ጥግ ሻጋታ ያወጣል። ሴራሚክ ላይ ከሆነ ውሃ ያልነካው አቼቶ ረጭታችሁ አንድ ሰዓት ካቆያችሁ በኋላ በብሩሽ ይነሳል፤ መጋጠሚያውን ግን 20 ደቂቃ ሲሞላ አለቅልቁት። ኖራ የተቀባ ግድግዳ ላይ አቼቶ አታስጠጉ፤ ኖራውን ይበላዋል። በደረቁ ፍቃችሁ እንደገና ኖራ መቀባት ይሻላል፤ ኖራ ራሱ ሻጋታ አይወድም። ከታጠቡ በኋላ ግድግዳውን በጨርቅ አብሶ መስኮት መክፈት ካልተለመደ ግን የትኛውም አይበረክትም።

በረኪና የግድ የሚሆንበት ጊዜ

ከላይ ያሉት ሁሉ ያጸዳሉ፤ በሽታ አምጪን ሙሉ በሙሉ አይገድሉም። ቤት ውስጥ ተቅማጥ ያለበት ሰው ካለ፣ ይልቁንም ኮሌራ በሚነሳበት ወቅት፣ በአቼቶና በሎሚ መተማመን ጥፋት ነው። መጀመሪያ ወለሉንና መቀመጫውን በሳሙና እጠቡ፣ ምክንያቱም ቆሻሻ ካለ በረኪናው እሱ ላይ ያልቃል። ከዚያ 5 በመቶ ከሆነ በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ ቀላቅላችሁ አፍስሱና 10 ደቂቃ አቆዩ። ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ አዘጋጁ፤ የተቀላቀለ በረኪና ሲያድር ይደክማል።

በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር አንድ ላይ ማድረግ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። መስኮቱ ጠባብ በሆነ መታጠቢያ ቤት ይህ ሳንባ ይጎዳል፣ ሊገድልም ይችላል። ሽንት የተጠራቀመበት ላይ በረኪና ማፍሰስም የሚያፍን ጋዝ ይሠራል፤ መጀመሪያ ውሃ ይልቀቁበት። መቀመጫው ላይ አቼቶ ካሳደራችሁ በዚያው ቀን በረኪና አትጠቀሙ፤ ብዙ ውሃ ልቀቁና ለማግስቱ አቆዩት። ዓይን ካቃጠለና ሳል ከጀመረ ማጽዳቱን ትታችሁ ውጡ፣ በሩን ክፍት ተዉት፣ ትንፋሽ ካጠረ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቤታችሁን የምታጸዳላችሁ ሠራተኛ ካለች ይህን በቃል ንገሯት፤ ብዙውን ጊዜ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ሳታውቅ የምትቀላቅለው እሷ ናት።

ለአንድ ቤተሰብ ለወር የሚበቃው አንድ ሊትር ነጭ አቼቶ፣ 250 ግራም ሶዳና አንድ ጣሳ የተነፋ አመድ ነው። በየጠርሙሱ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ በትልቁ ጻፉበት፦ አቼቶ፣ ሶዳ፣ የአመድ ውሃ፣ በረኪና። በረኪናውን ለብቻው፣ በመጣበት ዕቃ፣ ከሌሎቹ በተለየ መደርደሪያ አኑሩት። አመዱ እርጥበት እንዳይገባው በክዳን ይቀመጥ፤ በክረምት እርጥበት የሳበ አመድ ተጋግሮ እንደገና መነፋት ይፈልጋል። ሶዳና አቼቶ የተቀላቀለበትን ጠርሙስ ክዳን ፈጽሞ አትዝጉ፤ የሚወጣው አየር ጠርሙሱን ያፈነዳዋል።